ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ማን ይደርሳል? ለትንሽ የገጠር መንደር የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞችን የመመልመያ መንገዶች ንጽጽር

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሳይረኑ ሲጮህ መንደሩ በሙሉ ቤቱ ነው። አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰው በጥቂት ደቂቃ ጣቢያው ይደርሳል። አንዱ ቢጃማው ላይ ኮቱን ደርቦ ይመጣል። ያው ሳይረን ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲጮህ ግን የሚመጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው አባት ናቸው። ሁለተኛዋ ሥልጠናዋን ገና ያልጨረሰች ወጣት ናት። መኪናው አለ። ውሃው ሞልቷል። ሰው የለም።

እኔ ስለ ምልመላ ያለኝ ሐሳብ የተለወጠው ይህን ካየሁ በኋላ ነው። አብሬው የሠራሁት ቡድን መዝገቡ ላይ 30 ስም ነበረው። 30 ሰው አለን ብለን እንኮራ ነበር። ቁጭ ብለን ስንቆጥር ከሠላሳው ሃያ አንዱ ቀን ቀን የሚውሉት ከመንደሩ ውጭ ነው። ስሙ እንጂ ሰውዬው የለም።

ስለዚህ እዚህ የማነጻጽራቸውን መንገዶች ሁሉ በአንድ ጥያቄ ነው የምመዝናቸው፦ ይህ መንገድ የጎደለንን ሰው፣ በጎደለን ሰዓት ያመጣልናል ወይ? ስንት ሰው ይመዘገባል የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ጉድለቱን ቁጠሩ

የአንድ ዓመት የጥሪ መዝገብ አውጡ። ለእያንዳንዱ ጥሪ አራት ነገር ጻፉ። ስንት ሰዓት ላይ እንደተጠራችሁ፣ ስንት ሰው እንደመጣ፣ የመጀመሪያው መኪና በስንት ደቂቃ እንደወጣ፣ ከመጡት መካከል መኪናውን የሚነዳና ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ ሰው መኖሩን። ሥራው ከአንድ ምሽት አያልፍም። ሲያልቅ ግን ጉድለቱ ፊት ለፊት ይታያል። አንዳንዱ ቡድን ሰው ሞልቶት ሹፌር የለውም። አንዳንዱ ሹፌር ሞልቶት የአየር ሲሊንደር አዝሎ ጭስ ውስጥ የሚገባ የለውም። ብዙው ቡድን ግን የቀን ሰው ነው የሚጎድለው።

ስንት ሰው ይበቃል ለሚለው መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች አሉ። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ያወጣው 1720 የተባለው መስፈርት፣ ገጠር ውስጥ ቤት ሲቃጠል ቢያንስ 6 ሰው በ14 ደቂቃ ውስጥ ቦታው ላይ እንዲገኝ ይጠይቃል። ይህም ከ100 ጥሪ በ80ው መሳካት አለበት። እዚያው አገር ከ1998 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚሠራበት የሥራ ደኅንነት ደንብ ደግሞ ሁለት ሰው የሚቃጠል ሕንፃ ውስጥ ሲገባ፣ ሌሎች ሁለት የታጠቁ ሰዎች ውጭ ተዘጋጅተው እንዲቆሙ ያዛል። የእናንተ አገር ደንብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ግን የትም ቢሆን ይሠራል። አራት የሠለጠነ ሰው ካልመጣ ሥራው ውጭ ቆሞ ውሃ መርጨት ነው።

ደቂቃውም ቀልድ አይደለም። ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የሙከራ ተቋም ሁለት ሳሎኖችን አቃጥሎ አነጻጽሮ ነበር። በድሮ ዓይነት የቤት ዕቃ የተሞላው ሳሎን ዳር እስከ ዳር እስኪቀጣጠል 29 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት። በዛሬው ስፖንጅና ፕላስቲክ የተሞላው ግን 4 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አንድ በጎ ፈቃደኛ ከሥራ ቦታው ጣቢያ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ከፈጀበት ለዚያ ሳሎን አይደርስም። ለጎረቤቱ ቤት ይደርስ ይሆናል።

ማስታወቂያ ወይስ በአካል መጠየቅ?

ብዙ ቡድን የሚጀምረው በማስታወቂያ ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይለጠፋል፣ የጣቢያ ክፍት ቀን ይዘጋጃል። ልጆች መኪናው ላይ ይወጣሉ፣ ሳይረን ይነፋል። ቀኑ ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። መንደሩ ቡድኑ በጎ ፈቃደኛ መሆኑን እንዲያውቅ ማድረጉ ብቻውን ዋጋ አለው። ብዙ ሰው እኮ እሳት አጥፊዎቹ ደመወዝ የሚከፈላቸው ይመስለዋል።

ችግሩ ማስታወቂያ የሚያመጣው የመጣለትን ነው። መምረጥ አይችልም። ከትልቅ ቃጠሎ በኋላ ለምሳሌ ስልኩ ሳይቋረጥ ይጮኻል። ሰው ልቡ ተነክቷል። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ግን ሙቀቱ ይበርዳል። በዚያ ሰሞን የምትቀበሉትን ሰው ሁሉ ቶሎ ሥልጠና ውስጥ ካላስገባችሁ ታጡታላችሁ።

በአካል መጠየቅ ቀርፋፋ ይመስላል። አንድ ሰው ይዞ የሚመጣው አንድ ሰው ነው። እኔ ግን ሁለቱን እኩል አላያቸውም። ለጎደለ ሰዓትና ለጎደለ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ መንገድ አላውቅም። ምክንያቱም ማንን እንደምትጠይቁ እናንተ ትመርጣላችሁ፤ የሚጠየቀውም ሰው ለምን እሱ እንደተመረጠ ያውቃል።

አጠያየቁ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ቡድናችን ሰው ያስፈልገዋል፣ አስቢበት» ማለት መጠየቅ አይደለም። አንድ ጓደኛችን የጠየቀበትን መንገድ አልረሳውም። ሴትየዋ እርሻ ላይ ትሠራለች፤ ትራክተሯን ከነተጎታቹ እያስገባች ነበር። በሩ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ አጥር። አንዴ ብቻ መስታወቷን አየችና ወደኋላ ልክክ አድርጋ አስገባችው። እሱ አጥሩን ተደግፎ ጠበቃት። ሞተሩን ስታጠፋ እንዲህ አላት፦ «እህቴ፣ የውሃ ቦቴያችንን ቀን ቀን የሚነዳ ሰው የለንም። አንቺ ደግሞ ቀን እዚህ ነሽ። እሳት ውስጥ ግቢ አልልሽም። ቦቴውን ነድተሽ ውሃ ታመላልሺልናለሽ? ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ላይ መጥተሽ መሪውን ብቻ ያዢው።» ሐሙስ መጣች።

እዚያ ውስጥ ያለውን ልብ በሉ። አንድ ሙያ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ቀጠሮ። ሰውየው ለምን አንቺ የሚለውን በዓይኑ አይቶ ነው የመጣው።

ስትጠይቁ እውነቱንም ንገሩ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን ካንሰር አምጪ ብሎ በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። አሜሪካ ውስጥ በሥራ ላይ ከሚሞቱት እሳት አጥፊዎች ውስጥ ግማሽ ያህሉን የሚገድለው ልብ ነው፣ ነበልባል አይደለም። የሕክምና ምርመራ ለምን እንዳለ፣ ጥላሸት የነካው ልብስ ለምን ወደ ቤት እንደማይገባ ገና ከመጀመሪያው ቀን ይወቁ። እውነቱን ሰምቶ የፈራ ሰው ቢቀር ይሻላል። ደግሞ እውነቱን ሰምቶ የገባ ሰው ይቆያል።

እዚህ የሚኖር ወይስ እዚህ የሚውል?

መልማዮች በልማድ የሚፈልጉት መንደሩ ውስጥ ቤት ያለውን ሰው ነው። ነዋሪ ሌሊቱን ይሸፍናል። ለቀኑ ግን መፈለግ ያለበት እዚህ የሚውል ሰው ነው፤ ማታ የትም ይደር። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ የእንጨት መሰንጠቂያው ኦፕሬተር፣ የመንገድ ጥገና ሠራተኛው፣ ከቤቱ በኢንተርኔት የሚሠራው፣ የመንደሩ አስተዳደር ራሱ የቀጠራቸው ሰዎች። በተለይ እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሳይጠይቅ ነጋዴውን ደጅ የሚጠና አስተዳደር አይገባኝም። መጀመሪያ የራሱን ሠራተኞች ይልቀቅ።

ጀርመን ውስጥ አንድ ሰው ማታ በመኖሪያው፣ ቀን በሥራ ቦታው አካባቢ ባለ ቡድን እንዲያገለግል የሚፈቅድ አሠራር አለ። ጥሪ ሲመጣም አሠሪው ሊለቀው ይገደዳል፤ ደመወዙ አይቆረጥም፤ አሠሪው የከፈለውንም አስተዳደሩ ይተካለታል። ፈረንሳይ በ1996 ባወጣችው ሕግ አሠሪውና የእሳት አደጋ አገልግሎቱ ስምምነት የሚፈራረሙበትን መንገድ አበጅታለች። ሠራተኛው መቼ ወጥቶ መሄድ እንደሚችል፣ ለሥልጠና ስንት ቀን እንደሚፈቀድለት እዚያ ይጻፋል።

እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም አሠሪን ማነጋገር ይቻላል። ስትሄዱ ግን «ይፍቀዱልን» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ባለፈው ዓመት በቀን ስንት ጥሪ እንደነበረ፣ እያንዳንዱ በአማካይ ስንት ሰዓት እንደወሰደ ወረቀት ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ትንሽ መንደር ውስጥ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ አሠሪው ከፈራው በጣም ያነሰ ነው። ከአንድ ድርጅት ሁለት ሰው አትውሰዱ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲወጡ ሥራው ይቆማል፣ ፈቃዱም ይነሳል። ማሽን ላይ ወይም ከሕፃናት ጋር ያለ ሰው ጥሎ መውጣት አይችልምና እሱን ለሌላ ሰዓት ያዙት።

ቀን ቀን መንደሩ ውስጥ ማን እንዳለ ስትቆጥሩ ሌላም ነገር ይታያችኋል። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ቡድኑ ግን የወንዶች ሆኖ ኖሯል። የሚያስቀራቸው ፍርሃት ወይም የጉልበት ማነስ ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ኮቱ በልካቸው የለም፣ ጣቢያው ውስጥ ለብቻ መቀየሪያ ክፍል የለም፣ ሳይረኑ ሲጮህ ልጁን ማን ይይዛል የሚለው መልስ የለውም። ሦስቱም የሚፈቱ ናቸው። ሁለት ጡረተኛ ሴት አያቶች ጣቢያው ድረስ መጥተው ልጆች ሊጠብቁ ከተስማሙ፣ በአንድ ጊዜ ሦስት እናቶችን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሁሉም ጭስ ውስጥ መግባት አለበት?

የለበትም። እኔ ብዙ ሰው ያጣንበት በር ይህ ነው እላለሁ። ሙሉ እሳት አጥፊ የሚሆን ሰው ብቻ የሚቀበል ቡድን የ55 ዓመቱን መካኒክ፣ ጉልበቷን የሚያማትን የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጨለማና ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀውን ጎበዝ ሹፌር ይመልሳል።

ጃፓን ይህን በደንብ አይታዋለች። እዚያ የመንደርና የከተማ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች አባላት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። ዛሬ ከ800 ሺህ በታች ናቸው። ከ2005 ጀምሮ ታዲያ ለተወሰነ ሥራ ብቻ የሚመዘገብ አባል መቀበል ጀመሩ። ሰውየው ሁሉም ጥሪ ላይ አይገኝም። የተመዘገበበት ሥራ ሲኖር ይመጣል።

በእናንተም ቡድን እንዲህ ሊከፈል ይችላል፦ ቦቴ መንዳት፣ ፓምፕ ላይ መቆም፣ የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠር፣ ሬዲዮ መያዝ፣ የሰው ስም መዝግቦ ማን ውስጥ እንዳለ መከታተል፣ ሲሊንደር መሙላት፣ ሒሳብና ደብዳቤ። አንድ ሹፌር ፓምፑን ከተቆጣጠረ ሁለት ጉልበተኛ ወጣቶች ከመኪናው ተላቀው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ።

ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ግን አለ። ለውጭ ሥራ የተመዘገበ ሰው ሌላ ሰው ስለታጣ ብቻ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ይህ በቃል አይበቃም። ከሩቅ የሚለይ የቆብ ቀለም ይሰጠው። የእሳት ቦታ ላይ ሲጨነቁ አለቃውም ሰውየውም ይዘነጋሉ፤ ቀለሙ ያስታውሳቸዋል።

ወጣቶች ላይ መሥራት

ጀርመን ውስጥ ከ200 ሺህ የሚበልጡ ልጆችና ወጣቶች በወጣት እሳት አጥፊ ቡድኖች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ከ10 እስከ 18 ዓመት ናቸው። እዚያ የአዋቂዎቹ ቡድኖች ተተኪ የሚያገኙት በዋናነት ከዚህ ነው። ለዚያ ግን ዓመታት ፈጅቷል።

ማወቅ ያለባችሁ ይህ መንገድ ለዘንድሮው ማክሰኞ ምንም እንደማያደርግ ነው። ዛሬ 13 ዓመት የሆነው ልጅ ለእሳት የሚደርሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከተማ ሊገባ ይችላል። ከልጆች ጋር መሥራት ከልቡ የሚወድ፣ የሚታመንና ማንነቱ የተጣራ ሰው ካላችሁ ጀምሩት። ከሌላችሁ ለይስሙላ አትጀምሩት።

አንድ የማይጠበቅ ጥቅም አለው፤ ወላጆች። ልጁን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ የሚቆም አባት ከስንት ሳምንት በኋላ የውሃ ጎማ ሲጠቀልሉ ያግዛል። እሱን ጠይቁት።

በነፃ ወይስ በአበል?

እዚህ ላይ ሰው ይጣላል። ግማሹ ገንዘብ ከገባ መንፈሱ ይበላሻል ይላል። ግማሹ ደግሞ ያለ ገንዘብ ማንም አይመጣም ይላል።

ሁለቱም ዓይነት ዓለም ላይ ይሠራል። ቺሊ የመጀመሪያ ቡድኗን በቫልፓራይሶ ካቋቋመችበት ከ1851 ጀምሮ እሳት የሚያጠፉላት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደመወዝ ቀርቶ ለቡድናቸው መዋጮ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ከአሥር እሳት አጥፊዎች ስምንት ያህሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ለሠሩበት ሰዓት ግን አበል ያገኛሉ። ብሪታንያ ደግሞ በገጠር ተጠባባቂ እሳት አጥፊዎች አሏት። ከጣቢያው ብዙውን ጊዜ በ5 ደቂቃ ርቀት ውስጥ መሆን ይጠበቅባቸዋል። ዝግጁ ሆነው ስለቆዩ ዓመታዊ ክፍያ፣ ለወጡበት ጥሪ ደግሞ ተጨማሪ ይከፈላቸዋል።

ልዩነቱን ያስተዋለ ሰው ቁም ነገሩን ያገኘዋል። በጥሪ የሚከፈል ትንሽ አበል ውጭ አገር የሚመስል ርቀት ላይ የሚሠራን ሰው ማክሰኞ ቀን ወደ መንደሩ አያመጣውም። አስቀድሞ የመጣውን ነው የሚያመሰግነው። የቀን ጉድለትን የሚሞላው ለዝግጁነት የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ «ከ2 እስከ 11 ሰዓት ከመንደሩ አልወጣም» ለሚል ሰው። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው።

ከዚያ በፊት ግን ከኪሱ እንዳያወጣ አድርጉ። ነዳጅ፣ የሕክምና ምርመራ፣ ጓንት። ኢንሹራንስ ደግሞ ለድርድር አይቀርብም። ጉዳት ቢደርስበት ቤተሰቡ ምን እንደሚያገኝ በጽሑፍ ማሳየት ካልቻላችሁ መመልመል አትጀምሩ። ሰውን ያለ መድን እሳት ውስጥ ማስገባት ነውር ነው።

ሁለት ሰው በቋሚ ደመወዝ ለቀን መቅጠርም ይታሰባል። የመጀመሪያዋ መኪና ወዲያው ትወጣለች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሁለት ሰው ብቻውን ቤት ውስጥ መግባት አይችልም። አሁንም በጎ ፈቃደኞቹ ካልመጡ እነዚያ ሁለቱ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ቅጥሩ ሲመጣ «እንግዲህ እነሱ አሉ» ብለው የሚቀሩ እንዳይበዙ ጠብቁ።

ከጎረቤት መንደር ጋር

ጉድለቱ በአንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ በዚያ ሰዓት ሁለት ጣቢያ አንድ ላይ እንዲጠራ አድርጉ። ወጪ የለውም፤ ስልክና ስምምነት ነው። ስንት ዓመት የተኮራረፉ መንደሮች ይህን ሳያደርጉ ቆይተው ቤት ተቃጥሏል። ጣቢያን መዝጋትና መቀላቀል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ርቀቱ ይረዝማል፣ የመንደሩ ሰውም ቡድኑን «የኛ» ማለቱን ይተዋል። ሌላው ሁሉ ሳይሞከር እዚያ አትድረሱ።

እንግዲህ የቱ?

የቀን ሰው ከጎደላችሁ፣ ቀን መንደሩ ውስጥ የሚውሉትን ስም ጻፉና አንድ በአንድ በአካል ጠይቁ፤ ጎን ለጎን አሠሪዎችን አነጋግሩ። ሹፌርና ፓምፕ የሚይዝ ከጎደላችሁ፣ ሥራውን ከፋፍላችሁ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉትን ጥሩ። ሰዓቱ ሁሉ ከሳሳ፣ ያኔ ማስታወቂያና ክፍት ቀን ያስፈልጋችኋል፤ ግን ለማሠልጠን የምትችሉትን ያህል ብቻ ተቀበሉ። ሰው ሞልቶ ግን ሁሉም ከ50 በላይ ከሆነ ወጣቶች ላይ ዛሬ ጀምሩ።

የሚመጡት እንደመጡ የሚሄዱ ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱንም አትሞክሩ። አሜሪካ ውስጥ በ1984 ከ897 ሺህ በላይ የነበሩት በጎ ፈቃደኞች በ2020 ወደ 677 ሺህ ወርደዋል። ሰው የሚሄደው ሥራና ኑሮ ስለጎተተው ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጣቢያው ራሱ ነው የሚያባርረው። እንዲህ ባለ ቡድን ምልመላ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ማመልከቻውን አስገብቶ ስድስት ሳምንት መልስ አላገኘም። በመጨረሻ ተጠርቶ መጣ። ቦት ጫማ በቁጥሩ አልነበረም፤ ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ሰጡት። የመጀመሪያው ማታ ነባሮቹ ክብ ሠርተው ያወራሉ፤ እሱ ግድግዳው ጋ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ሁለተኛው ማታ መኪና እንዲያጥብ ነገሩት። በሦስተኛው አልመጣም። ማንም አልደወለለትም። በኋላ ሳገኘው «ሥራ በዛብኝ» አለኝ። እውነት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚያስፈልገው ገንዘብ አልነበረም። ማመልከቻ ሲደርሳችሁ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው ይደውል። የጫማና የኮት ቁጥሩን በዚያው ስልክ ይጠይቀው። በዕድሜ የሚቀርበው አንድ ነባር አባል ለስድስት ወር እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ይመደብለት። የመጀመሪያው ማታ ጎማ በእጁ ይያዝ፤ ውሃው ሲመጣ ጎማው እንዴት እንደሚታገል ይሰማው። የሥልጠናው ቀን ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይሰጠው፤ ቤተሰቡም ያውቀው። ሁለት ጊዜ ከቀረ ታላቅ ወንድሙ በሩን ያንኳኳ። እና ሲመጣ መስቀያው ላይ ስሙ ተጽፎ፣ ከስሙ ሥር ቦት ጫማው በልኩ ተቀምጦ ይጠብቀው።